ለጎሬ ዳገትና ጭቃ የሚሆን ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት አሠራር

በኢሉአባቦር ብስክሌት መንዳት በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ እንደመንዳት አይደለም። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ መቱ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አካባቢው በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ በመሆኑ ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ቀይ ጭቃ ይቀበልዎታል።

ለዳገት ብዙ ማርሽ ያለው ብስክሌት የሚሻል ይመስላል። ሆኖም ጭቃ ሲጋገርበት ካቴናው (ሰንሰለቱ) ይዘላል፤ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ከታጠፈም ራጂ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ሊያበላሽ ይችላል። ባለ አንድ ማርሽ የብረት ብስክሌት ግን የሚሰበር ነገሩ ጥቂት ነው። እንደ ቻይናው ፊኒክስ ያሉት ጥቁር ብስክሌቶችም ባለ አንድ ማርሽ ናቸው። ችግራቸው ከባድና ለሜዳ የታሰቡ መሆናቸው ነው። ለዳገት የሚሆነውን መርጦ መገጣጠም ያስፈልጋል።

ቴላዮ

ያገለገለ የብረት የተራራ ብስክሌት ቴላዮ ጥሩ መነሻ ነው። ብረት መሆኑን በማግኔት ይለዩ፤ አሉሚኒየም ማግኔት አይዝም፣ ቢሰነጠቅም በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ አይጠገንም። ክሮም ሞሊብዲነም የተባለው ብረት ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ቱቦው ስስ ስለሆነ ልምድ የሌለው በያጅ ያቃጥለዋል።

ቴላዮው ያልተጣመመ መሆኑን በሲባጎ ማረጋገጥ ይቻላል። ሲባጎውን ከኋላ ጎማ ማሰሪያው አንድ ጎን ተነስተው በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረው ወደ ሌላው ጎን ይመልሱት፤ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። የላይኛውን ቱቦ በእግርዎ መካከል አድርገው ሲቆሙም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ዋናው ጉዳይ፡ የጥርስ ቁጥር

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ላይ ከሁሉ በላይ ወሳኙ ይህ ነው። 26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.07 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የፊቱ 32 ጥርስ፣ የኋላው 16 ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር 4.1 ሜትር ያስኬዳል፤ ይህ ለሜዳ ከተማ ይስማማል። የኋላው 20 ሲሆን 3.3 ሜትር፣ 22 ሲሆን ደግሞ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። ለጎሬ ከ20 እስከ 22 ያለው ይመከራል። በ20 ጥርስ በደቂቃ 60 ዙር ቢረግጡ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ሜዳ ላይ አዝጋሚ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበትን ያተርፋል።

ካቴና

የፊትና የኋላ ጥርሶች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይዋሉ፤ ከተዛነፉ ካቴናው ይወልቃል። ወፍራም ካቴና በቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል፤ ቀጭኑ ግን ወፍራም ጥርስ ላይ አይገባም። መሐሉን በጣት ሲነኩት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይበል።

የኋላ ጎማው ብሎን የሚገባበት ክፍተት አግድም ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። ክፍተቱ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ግን መወጠሪያ ያስፈልጋል። አሮጌውን ማርሽ መቀየሪያ በብሎኑ አንድ ቦታ ላይ አስሮ ለዚሁ መጠቀም ይቻላል።

አዲስ ካቴና 24 መገጣጠሚያው 305 ሚሊ ሜትር ይለካል። ከ306.5 ካለፈ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ ጥርሶቹንም ይበላቸዋል።

ፍሬን

ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርዱ የሚያድንዎት ፍሬን ነው። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ስለሚግል ብቻውን አይታመንም። ከፊትም ከኋላም ቸርኬውን የሚይዝ የላስቲክ ፍሬን ይግጠሙ። ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን ዘግይቶ ስለሚይዝ በዝናብ ጊዜ ቀደም ብለው ቀስ እያሉ ይያዙ። ላስቲኩ ላይ ያለው መስመር ሲጠፋ ይለውጡት።

ዝገትን መከላከል

ብረት ከውስጥም ይዝጋል። ከመገጣጠምዎ በፊት ቱቦዎቹን ውስጣቸውን ዘይት ይቀቧቸው፤ ፔዳል በሚዞርበት ቦታ ሥር ውኃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ መኖሩንም ያረጋግጡ። ከጭቃ ሲመለሱ በውኃ ያጥቡት፣ ኩሽኔታው ላይ ግን ውኃ በኃይል አይርጩ፤ ካቴናውን አድርቀው ዘይት ያጠጡት።

ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ሰው ይህ ብስክሌት አይበቃውም። ለሠራተኛ፣ ለተማሪና ለተላላኪ ግን ይሆናል፤ ቢበላሽም ጎሚስታና በያጅ ባለበት ሁሉ ይጠገናል። አቀበቱ ሲከብድ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም፤ ያለ ፍሬን ቁልቁለት መጀመር ግን ሕይወት ያስከፍላል።