ሥራ ላጣ ሰው ምን ይባላል?

ቋንቋችን ለችግር ቃል አያጣም። ሰው ለሞተበት «እግዚአብሔር ያጥናህ» እንላለን። ለታመመ «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ለታሰረ «ያስፈታህ»፣ ለመንገደኛ «በሰላም ግባ» አለን። አዲስ ልብስ ለለበሰ እንኳ ምርቃት አይጠፋም። ሥራውን ላጣ ሰውስ? እስቲ አንባቢ ሆይ ያስቡት። ትናንት የስንብት ደብዳቤ የተቀበለ ጎረቤትዎን ዛሬ ጠዋት ከበር ላይ ቢያገኙት ምን ይሉታል? «አይዞህ» ይሉት ይሆናል። «አይዞህ» ግን እንቅፋት ለመታውም የሚባል ነው።

ለነገሩ ያሉን ቃላትም ደግ አይደሉም። «ተባረረ» እንላለን፤ ሌባም ይባረራል፣ ማሳ የገባ ዝንጀሮም ይባረራል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ለስለስ አድርጎ «ተቀነሰ» ይላል፤ ሰውዬው ትርፍ ቁጥር ነበር ማለት ነው። በመዋቅር ለውጥ መደብ ላላገኘ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። እንደኔ ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ቃል የጎደለበት ቦታ ሌላም የጎደለ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል።

ጥርጣሬዬ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም ባሕር ዳር ውስጥ አስተምርበት የነበረ አንድ የግል ኮሌጅ በሦስት መስመር ደብዳቤ አሰናበተኝ። ለባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ማታ ነገርኳት። ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ ጣና ዳር ተቀምጬ አንዱን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አነባለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «ከሥራ» እመለሳለሁ። በዚያው ሰሞን የዕድራችን አባል ሞተና ድንኳን ስተክል፣ አግዳሚ ስሸከም ዋልኩ። ሟች ቤት ሰው ሞልቷል። የኔ ቤት ኀዘን መኖሩን ግን ያወቀ የለም፤ ያልተነገረውን ማን ይወቅ?

ሦስት ወር አልፎ ጥቂት ቀናት ሲጨመሩበት፣ ጠበቃ የሆነ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁና ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀኑን ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ለካስ ያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይዘጋል። ክፍያ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። በ2011 ዓ.ም የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ ይዟል። ስለዚህ ክፍያዬን ተከራክሬ አገኘሁ፤ ወንበሬን ግን በእፍረት አስበላሁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ስንት ዓመት ለተማሪ ሳብራራ ኖሬያለሁ!

በዚያው ሳምንት ወደ አገሬ ወደ ሐሙሲት ሄድኩ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በሐሙስ ገበያዋ የምትጠራ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ እስከ ወረታና ከዚያም አልፎ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ዕለቱም ሐሙስ ነበር። ገበያው ውስጥ አገር ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» እያለ የሚጠራቸውን ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። ጠላ ቤት ቁጭ ብለን፣ ለምን እንደሁ እንጃ፣ ለወንድሞቼ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «እኛ እኮ መደበቅ አልቻልንም። ልብሳችን ይናገርብን ነበር» አሉኝ።

ይህን ለመረዳት ወደ 1983 ዓ.ም መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የደርግ መንግሥት ሲወድቅ፣ በአፍሪካ ካሉት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱ በአንድ ጊዜ ተበተነ። ከ450 ሺሕ በላይ ሰው ደመወዙን፣ ቀለቡን፣ ማዕረጉን፣ መኝታውን ባንድ ጀንበር አጣ። ሃምሳ አለቃም ከነዚህ አንዱ ናቸው። ኤርትራ ግንባር ነበሩ፤ በከሰላ በኩል ሱዳን ገብተው፣ በመተማ ተመልሰው፣ ከሳምንታት በኋላ ሐሙሲት ደረሱ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያ አስፋልት ግራና ቀኝ የሚያልፉትን አስታውሳለሁ። የተቀደደ ካኪ፣ ክር የሌለው ከስክስ ጫማ፣ ፊት ላይ ደግሞ ያገር አቧራ። ለመለመን የሚያፍሩ ነበሩ፤ ቆመው ብቻ ያያሉ። እናቶቻችን እንጀራ ይዘው ይወጣሉ። ከነዚያ ሴቶች ስንቶቹ ልጃቸውን ለግዳጅ ሰጥተው ያልተመለሰላቸው ነበሩ! «የኔንም እንዲህ የሚያበላልኝ ይኖር ይሆናል» የምትለው የአንዷ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አዲሱ የሽግግር መንግሥት በሰኔ 1983 የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። በአንድ በኩል ተሸናፊ ወታደርን ከጠመንጃው ለይቶ ወደ ቤቱ የመመለስ የጸጥታ ጉዳይ ነበር። በሌላ በኩል ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ በአገራችን ታሪክ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት በዚያ ስፋት እጁን የዘረጋበት ጊዜ የለም። ወደየቀዬው የሚያደርስ መጓጓዣ፣ ለወራት የሚሆን የእህል ራሽን፣ ገጠር ለገባው ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ፣ ከተማ ለቀረው ሥልጠናና መጠነኛ ብድር ተሰጠ። ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ዘግይቶ የደረሰውም ብዙ ነው። ይሁንና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ጥናት ገጠር የገባው ከተማ ከቀረው ይልቅ ቶሎ እንደተቋቋመ ይመሰክራል።

ለምን ይሆን? ገጠሩ ሀብታም ስለነበር አይደለም። ገጠር ውስጥ ሥራ ማጣት የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል። ወታደሩ ሲገባ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተባለ፤ በግ ያለው በግ፣ ዶሮ ያለው ዶሮ አረደ። ከዚያ በማግሥቱ ጥያቄው «ምን ይሥራ?» ሆነ። በሬ የለውም፤ አንድ በሬ ካለው ዘመድ ጋር መቀናጆ ይገባል። ጥሪት የለውም፤ የአሮጊት መሬት የእኩል ያርሳል። ጉልበት ብቻ አለው፤ ወንፈል ይገባል። ኮሚሽኑ ዘር ሰጠ እንበል፤ ዘሩ የሚወድቅበትን ትልም ያወጣው ግን ጎረቤት ነው። ገንዘቡ፣ ማጽናኛውና ሥራው ከሦስት ቦታ አልመጡም፤ በአንድ ደጃፍ ተገናኙ።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ በማር አልለውስም። «የደርግ ወታደር» የሚለው ስድብ ዓመታት ፈጅቷል። መሬት ደግሞ የገጠር ሰው ደመወዝ ነውና ከአንዱ ካልተነሳ ለሌላው አይደርስም። በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ብዙ መሬት አልባ ጎጆ ወጪ መሬት አገኘ። በአንጻሩ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩት «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው መሬታቸው ተሸርፏል። ለአንዱ የሥራ ቅጥር የሆነው ለሌላው የስንብት ደብዳቤ ነበር ማለት ነው።

ፎገራ ግን ሌላም ዕድል ነበራት። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በእርጥበቱ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ሩዝ መጣና በደራ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሻጋ በሚባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን አልፈረሰም። በየገበሬው እጅ ቀረ። ዛሬም በሰፊው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» ስሙን ያገኘው ከዚያች ቀበሌ ነው። ሩዝ ጉልበት ይበላል። አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው፣ ወረታ ላይ ደግሞ መፈልፈያው፣ ጭነቱ፣ ንግዱ። ከደጋው እየወረደ በአረምና በአጨዳ የሚቀጠረው ብዙ ነው። ሃምሳ አለቃም መጀመሪያ ቀን ሠራተኛ ሆነው አረሙ፣ ኋላ የእኩል ያዙ፣ ከሽግሽጉ በኋላ በራሳቸው መሬት ዘሩ። «ወታደር ሳለሁ ውኃ ውስጥ መቆም ለምጄ ነበር» ብለው ይስቃሉ።

ሥራ ማጣት የሚወስደው ደመወዝን ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በኦስትሪያ ማሪየንታል የምትባል ትንሽ ቀበሌ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ቀበሌዋን አጥንተው በ1933 መጽሐፍ አወጡ። ሰው ሥራ ሲፈታ ጊዜ ያተርፋልና ብዙ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚዋሰው መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ ደጋግመው ይቆማሉ፣ ሰዓት ማሰሩን ተዉት። ሴቶቹ ግን የቤት ሥራቸው አልተቋረጠምና እርምጃቸው እንደ ፈጠነ ቀረ። ይህን ሳነብ ጣና ዳር ያቺን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ማንበቤ ትዝ አለኝ። የሐሙሲት ወታደር ቢያንስ ሐሙስ ነበረው። ባይሸጥም ባይገዛም ገበያ ይወጣል፣ ይጠየቃል፣ ወሬ ይሰማል፤ ሳምንቱ ልክ አለው።

የከተማ ሰውስ? ደመወዝተኛው ያለው ሕግ ነው። በአዋጅ 1156 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ ጠቅላላው ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ሠራተኛ ተቀንሶ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመርለታል። አሥር ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ፤ 120 ቀን ነው፣ 60 ሲታከልበት 180። ስድስት ወር መሆኑ ነው። ከዚያስ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1911 በሕግ ያቋቋመችው ዓይነት የሥራ አጥነት መድን እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ የለም። ያለን ዕቁብና ዕድር ነው። ዕቁብ የሚከፍል ሰው ይፈልጋል፤ ዕድር የሚሞት ሰው።

በዕድር መቀለዴ አይደለም። ሰው በሞተ ዕለት ያለ ጥሪ የሚደርስ፣ ገንዘቡንም ማጽናኛውንም ጉልበቱንም አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ እንዲህ ያለ ድርጅት ቢፈለግ አይገኝም። ለአባሎቻቸው ብድር የሚሰጡ ዕድሮችም አሉ። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ሰው ሞቶ ቤተሰቡን የምንደግፍ ሰዎች፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ደመወዙ የሞተበት ዕለት ለምን አንደርስም? መልሱ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በባለቤቱ ነው። እኛ አንጠይቅም፤ እሱ አይናገርም። መርዶ ነጋሪ የሌለው ኀዘን ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ለደረሰው ሰው ከልምዴ የምለው ይህን ነው። ቀኑን ጻፍ፤ ይርጋው መቁጠር ጀምሯል። ደብዳቤውንና የሥራ ልምድ ማስረጃህን በእጅህ አድርግ። ሕግ የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አማክር። ከሁሉም በፊት ግን ለሰው ንገር፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለብዙ ሰው። ሥራ የሚገኘው የሰማ ሰው ሲያስታውስ ነው።

ሃምሳ አለቃ ያን ሐሙስ አላጽናኑኝም። «አይዞህ» እንኳ አላሉኝም። ጠላቸውን ጨረሱና፣ «ነገ ደቦ አለብኝ፤ ሩዝ እናጭዳለን። ማጭድ እኔ ጋ አለ» አሉኝ።

ሄድኩ። እስከ ቀትር መዳፌ ተላጠ። ምሳ ላይ አንዱ «አንተስ ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ፣ «ምንም፤ ከሥራ አሰናብተውኛል» አልኩ። ሃያ ሰው ፊት መሆኑ ነው። ሰማይ አልተደፋም። አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ማንበብና መጻፍ ካወቅክ የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ነው፤ እርማት የሚያነብለት ሰው አጥቶ ይጮኻል» አሉ።

በወሩ እርማት ማንበብ ጀመርኩ። ይህን ዓምድ መጻፍ የመጣው ከዚያ ነው።