ጥንቸል፣ አሸዋና ሣር ጠባቂ፦ የሴንት አንድሩስ ሜዳ ከ1552 እስከ 1908

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በፋይፍ ግዛት የምትገኘው ሴንት አንድሩስ የጎልፍ መዲና ተብላ ትጠራለች። ስለ ተጫዋቾቿና ስለ ዋንጫዎቿ የተጻፈው የትየለሌ ነው። የከተማዋን የቆዩ ሰነዶች ተራ በተራ ላገላበጠ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ብቅ ይልለታል። ከተሜው፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ ነጋዴውና ባላባቱ ለሦስት መቶ ዓመታት ሲዋዋሉ፣ ሲሻሻጡና ሲካሰሱ የኖሩት በሣሩና ሣሩ በበቀለበት መሬት ነበር። የጎልፍ ሣር እንክብካቤ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነውም ከዚህ ክርክር በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ

ሜዳው ያረፈበት ቦታ ሊንክስ ይባላል። ባሕሩ ጥንት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ትቶት የሄደው፣ በጠረፉና በእርሻው መካከል የተዘረጋ አሸዋማና ወጣ ገባ መሬት ነው። ለማረስ አይመችም። ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ወዲያው ይሰርጋል፤ ለም አፈሩ ስስ ነው፤ ነፋሱም ጨው ያዘለ ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ ቅጠለ ሰፊና ፈጥኖ አደግ ሣር አይዘልቅም። የሚዘልቁት በተለይ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነው ፌስኪው፣ ሌላው ቤንት የተባለው ሣር። የመንዝን ጓሳ የሚያውቅ አንባቢ ፌስኪው እምብዛም ባዕድ አይሆንበትም፤ ሁለቱም ሊቃውንት ፌስቱካ በሚሉት ወገን የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው። የጓሳው ረዝሞና ጠንክሮ ለቤት ክዳን ሲውል፣ የሊንክሱ ግን በእንስሳት ጥርስ እየተቆረጠ መሬት ለመሬት ተጋድሞ ይኖራል። አዘውትሮ ሲጋጥ ወደ ላይ መመዘዙን ትቶ ወደ ጎን ይበዛል፤ ሥር ለሥርም እየተቆላለፈ ይጠቀጠቃል። ኳስ ሳትነጥር የምትንከባለልበት ንጣፍ የሚገኘውም ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ የገበሬን ልማድ የሚቃረን አንድ ነገር አለ። ይህ ቀጭን ሣር የሚያሸንፈው መሬቱ ደሃና ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ነው። ፍግና ኖራ ቢጨመርበት፣ ውሃም ቢጠግብ፣ ማጌጡ ለጊዜው ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ልስልሱ ዓመታዊ ሣር፣ ማገጡና የመሬት ትሉ ገብተው ቦታውን ይወርሱታል።

ሰነዶቹ ምን ይላሉ?

ጎልፍ በስኮትላንድ መዝገብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በክልከላ ነው። በ1457 በንጉሥ ዳግማዊ ጀምስ ዘመን የተሰበሰበው ፓርላማ እግር ኳስና ጎልፍ እንዲቀሩ አዘዘ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ችላ ማለቱ ነበር። የሴንት አንድሩስ ሊንክስ ሣር ግን በግልጽ ወደ ታሪክ የሚገባው ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን የ1552 ሰነድ ነው።

የሰነዱ ፍሬ ነገር ስምምነት ነው። ከተማው ሊቀ ጳጳሱ በሊንክሱ ላይ ጥንቸል እንዲያረባ ይፈቅዳል፤ ሊቀ ጳጳሱ ደግሞ ሕዝቡ በዚያው መሬት ጎልፍና እግር ኳስ የመጫወት፣ ቀስት የመወርወርና በሌላ ጨዋታም የመዝናናት መብት እንዳለው ያረጋግጣል። የጎልፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ወረቀት የሚያነሡት ስለ ጨዋታው መብት ነው። ለሣሩ ታሪክ ግን ዋናው ቁም ነገር ጥንቸሉና ተጫዋቹ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ መሬት መስፈራቸው ነው። አንዱ ሣሩን ይግጣል፣ ሌላው በተጋጠው ላይ ይጫወታል።

ተጋሪዎቹ እነዚህ ብቻ አልነበሩም። በጎች በሊንክሱ ይሰማሩ ነበር። የከተማዋ ሴቶችም ስዊልከን በተባለችው ወንዝ ዳር ልብስ አጥበው በሣሩ ላይ ያሰጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴንት አንድሩስ ጎልፈኞች ደንብ ኳስ በተሰጣ ልብስ ላይ ስታርፍ ምን መደረግ እንዳለበት እስከ መደንገግ ደርሷል። መሬቱ የሁሉም ስለነበር ማንም ብቻውን አላበጀውም፤ ጥርስ፣ እግርና ነፋስ ግን ሳያቋርጡ ሠርተውበታል።

የጥንቸል ሙግት

ይህ ሚዛን የተናጋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ዕዳ የተጫነው የከተማው ምክር ቤት በ1797 ሊንክሱን ለቶማስ ኧርስኪን ሸጠው፤ በ1799 ደግሞ መሬቱ ዴምፕስተር ለሚባሉ አባትና ልጅ ነጋዴዎች ተላለፈ። እነርሱም ቦታውን የጥንቸል ማርቢያ አደረጉት። ሥጋውም ቆዳውም ገበያ ነበረው።

ጥንቸል በልክ ሲሆን ሣሩን ያሳጥራል፤ ሲበዛ ግን ይቆፍራል። ሣሩ በየቦታው ተቦረቦረ፣ ኳስ በየጉድጓዱ ትቀር ጀመር። ጎልፈኞቹ ከተሜውን ይዘው ተነሡ። ነገሩ ወደ ኤዲንብራ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በይግባኝም ለንደን ካለው የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ጸቡ በችሎት ብቻ አልተወሰነም፤ ከተሜው ጥንቸሎቹን የመግደል መብት አለኝ ብሎ ወጣ፣ ባለቤቶቹም ይከላከሉ ነበር። ሙግቱ ከሃያ ዓመት በላይ ተጓትቶ የተቋጨው በ1821 ነው። የአጎራባቹ የስትራታይረም ርስት ባለቤትና ራሱም ጎልፈኛ የነበረው ጀምስ ቺፕ መሬቱን ገዛውና የጥንቸል ንግዱ ቀረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዚያችው ከተማ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙም ቶም ሞሪስ ይባላል።

ጉዳቱ ከተጫዋቹ ሲመጣ

ጥንቸሉ ከቀረ በኋላ ሣሩን የሚጎዳው ራሱ ተጫዋቹ ሆነ። የጉዳቱ አንዱ ምንጭ በደንቡ ውስጥ ነበር። በ1744 የሊዝ ከተማ ጎልፈኞች ያወጧቸው አሥራ ሦስት ደንቦች የመጀመሪያው፣ ተጫዋች ለሚቀጥለው ጉዞ ኳሱን ከቀዳዳው በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ሴንት አንድሩስም በ1754 የጎልፈኞቿ ማኅበር ሲመሠረት እነዚህኑ ደንቦች ከሞላ ጎደል ተቀብላለች።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል እንመልከት። ተጫዋቹ ኳሱን ቀዳዳው ውስጥ ካስገባ በኋላ እጁን ሰዶ ከቀዳዳው ሥር እፍኝ አሸዋ ይዘግናል፤ ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥበት ጉብታ የሚሠራው በዚያ ነው። ከዚያ እዚያው አጠገቡ ቆሞ በሙሉ ኃይሉ ይመታል። ተከታዩ ይመጣል፣ እርሱም ይዘግናል። ቀዳዳው ከቀን ወደ ቀን ይጠልቃል፣ አፉ ይሸረፋል፤ እጅግ ልስልስ መሆን የሚገባው የቀዳዳው ዙሪያ ከሁሉ በላይ የሚረገጥ ይሆናል። ተጫዋቹ ጥቂት ሳለ ሣሩ ጊዜ አግኝቶ ያገግም ነበር።

ጥቂትነቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አበቃ። እስከዚያ ድረስ ኳስ የሚሠራው የዝይ ላባ በቆዳ ውስጥ በመጠቅጠቅ ስለነበር ውድ ነበር። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ የተሠራችው ርካሽ ኳስ መጣችና ጨዋታውን ለብዙ ሰው ኪስ አቀረበችው። በ1852 ደግሞ የባቡር ሐዲድ ሴንት አንድሩስ ገባ። ያው ሣር፣ ያው አሸዋ፣ ነገር ግን የእግሩ ብዛት ሌላ ሆነ። በዚሁ ዘመን በአንድ ቀዳዳ ሄዶ በዚያው መመለሱ እየቀረ፣ በአንድ ሰፊ ሣር ላይ ሁለት ቀዳዳ እንዲኖር ተደረገ። ዛሬም በሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ አሥራ አራቱ ቀዳዳዎች ግሪን የሚባሉ፣ በቀዳዳ ዙሪያ አጥረው የተያዙ ሰባት ሰፋፊ የሣር ንጣፎችን ይጋራሉ።

ደሞዝተኛው ሣር ጠባቂ

ቶም ሞሪስ ሙያ የለመደው ከኳስ ሠሪው ከአለን ሮበርትሰን ዘንድ ነው። በአዲሷ ኳስ ምክንያት ከጌታው ጋር ተቃቅሮ፣ በ1851 ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ወደ ፕሬስትዊክ ሄደ፤ በዚያም አሥራ ሁለት ቀዳዳ ያለው ሜዳ ቀይሶ ጠባቂው ሆነ። የመጀመሪያው የኦፕን ውድድር በ1860 የተካሄደው በዚሁ ሜዳ ሲሆን፣ እርሱም በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867 አሸንፎበታል።

የሴንት አንድሩስ የሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክበብ በ1864 ወደ ትውልድ ከተማው ሊመልሰው ወሰነ። ውሉ ቁጥብ ነው፤ በዓመት 50 ፓውንድ ደሞዝ፣ ለሜዳው ማሠሪያ 20 ፓውንድ፣ ለከባድ ጭነት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያግዘው አንድ ሰው። ሥራውን ሲረከብ የተሰጡት መሣሪያዎች አንድ የእጅ ጋሪ፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ አካፋ እንደነበሩ ተጽፏል። ያን ሁሉ ዘመን በእንስሳትና በአየር ጠባይ ተጠብቆ የኖረ መሬት፣ አሁን ስም ያለው፣ የሚጠየቅና የሚከፈለው ጠባቂ አገኘ።

ሞሪስ የሠራውን ስንመረምር ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው አሸዋ ነው። ፕሬስትዊክ ሳለ ከጋሪው የተደፋ አሸዋ ያረፈበት ሣር ከሌላው ይልቅ አምሮ ቢያየው ምሥጢሩን አገኘ የሚለው ትረካ በቃል የመጣ ስለሆነ ብዙ ክብደት አንሰጠውም። ግሪኖቹን ደጋግሞ ስስ አሸዋ ማልበሱ ግን እርግጥ ነው። ረዳቱን ሃኒማንን አሸዋ ጨምር እያለ ይጨቀጭቀው እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል።

አሸዋው ብዙ ሥራ ይሠራል። በሣሩ ግርጌ የሚጠራቀመውን የሞተ ቅጠልና ሥር ይደባልቀዋል፤ አለዚያ ያ ንጣፍ ውሃ እያቆረ ሣሩን ያበሰብሳል። የተረገጠውን ጎድጓዳ ይሞላል። ከሥር አዲስ ቀንበጥ ያስወጣል። መሬቱንም ደረቅና ደሃ አድርጎ ስለሚያቆየው፣ ቀጭኑ ሣር ተቀናቃኙን እንዲያሸንፍ ያግዘዋል። አሸዋ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ እፍኝ ፍግ አይጨምርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጫናውን መበተን ነው። ሞሪስ እሾሃማውን ቁጥቋጦ እያስወገደ የመጫወቻውን መስመር አሰፋ፣ በ1870 ገደማ በወንዟ ዳር አዲስ ግሪን ሠራ፣ የመነሻ ቦታውንም ከግሪኑ ለየ። ይህ የመጨረሻው የ1744ቱ ደንብ ያደረሰውን ጉዳት ከሥሩ የነቀለ ነው። ማጨዱ እየተቃለለ የሄደው ደግሞ በሌላ ሰው ፈጠራ ነው። ኤድዊን ባዲንግ የተባለ የእንግሊዝ መካኒክ በስትራውድ አካባቢ ባሉ የሱፍ ፋብሪካዎች የጨርቅ ፀጉር የሚላጭበትን ማሽን አይቶ፣ በ1830 የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን በስሙ አስመዘገበ፤ መሣሪያውም ቀስ በቀስ ወደ ጎልፍ ሜዳዎች ደረሰ።

ከሞሪስ ሥራ ሦስተኛው ዕረፍት ነው። እሑድ እሑድ ሜዳው ይዘጋ ነበር። ሞሪስ ራሱ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፤ ሆኖም የሚነገርለት መልስ ጎልፈኛው ዕረፍት ባይሻ እንኳ ሊንክሱ ይሻል የሚል ነው። አሮጌው ሜዳ ከታላላቅ ውድድሮች በቀር እሑድ ዛሬም አይጫወቱበትም።

እነዚህን ሦስቱን ከቀደመው ታሪክ ጋር ስናስተያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሣሩን ጥንቸልና በግ ያሳጥሩት ነበር፤ አሁን ማጭድና ማሽን ያሳጥሩታል። አሸዋውን ነፋስ ይበትነው ነበር፤ አሁን አካፋ ይበትነዋል። ዕረፍቱ ከተጫዋቹ ማነስ የመጣ ነበር፤ አሁን በቀን መቁጠሪያ ተደነገገ። የሞሪስ ብልሃት መሬቱን መለወጡ አይደለም። በአጋጣሚ ይደረግ የነበረውን በዕቅድ ማድረጉ ነው፤ ያም ያስፈለገው የእግሩ ብዛት ተፈጥሮ ከምትጠግነው በላይ ስለሆነ ነው።

ከሊንክሱ ውጭ

ይህ ዘዴ ሊንክስ ባልሆነ መሬት ይሠራ እንደሆነ የተፈተነው ውቅያኖስ ማዶ ነው። ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ በ1872 ለትምህርት ወደ አያቱ ወደ ሴንት አንድሩስ የተላከ የቺካጎ ልጅ ነበር፤ ጎልፍን የለመደውም ከሞሪስና ከዘመነኞቹ ነው። ጎልምሶ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ናሽናል ጎልፍ ሊንክስን ሲያሠራ፣ የስኮትላንዱን ቅርጽ አስመስሎ ቢቀይሰውም ሣሩ አልይዝ አለው። ስለዚህ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሣር ሊቃውንት ወደነበሩት ወደ ቻርልስ ፓይፐርና ራስል ኦክሊ ዞረ። ሁለቱ በ1917 ስለ ጎልፍ ሜዳ ሣር መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1920 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ግሪን ሴክሽን የተባለውን የሣር ጥናት ክፍል ሲያቋቁም የመጀመሪያ መሪዎቹ ሆኑ። የሙከራ ሣራቸውን የዘሩት ዛሬ ፔንታጎን ካለበት አጠገብ፣ በአርሊንግተን የመንግሥት እርሻ ነበር። ብሪታንያም በ1929 በዮርክሸር፣ በቢንግሊ የራሷን የምርምር ጣቢያ ከፈተች።

በሴንት አንድሩስ በኩል የባለቤትነቱ ጥያቄ የተዘጋው ሞሪስ በሕይወት ሳለ ነው። ክበቡ በ1893 መሬቱን ከቺፕ ቤተሰብ ገዛ፤ በ1894 በፓርላማ በወጣ ሕግ ሊንክሱ ወደ ከተማው ተመለሰ። በ1895 አዲሱ ሜዳ ሲከፈት፣ በአሮጌው ላይ ያረፈው ጫና በከፊል ወደዚያ ተጋባ። ሞሪስ በ1903 ሥራውን ለቀቀ፣ ክበቡም ደሞዙን አላቋረጠበትም፤ በግንቦት 1908 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ ሞተ።

በ1552 ለጥንቸሉና ለተጫዋቹ መስማማት የበቃው አንድ ወረቀት ነበር፤ በ1797 አንዱ ወገን ብቻውን ሲይዘው ሣሩ ተበላሸ፤ ከ1864 ወዲህ ግን ወረቀትም ባለቤትነትም ብቻቸውን አልበቁም፣ በየቀኑ መሬቱን የሚያይ ደሞዝተኛ አስፈለገ። ተመራማሪዎቹ በኋላ ሣር ዘርተው፣ ለክተውና አወዳድረው ምክንያቱን በየፈርጁ ጻፉት። ከመጽሐፋቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ግን ያ ዕውቀት በ20 ፓውንድ በጀትና በአንድ የእጅ ጋሪ ሥራ ላይ ውሎ ነበር።