የውጭ አገር ቋንቋና የገዛ ቋንቋችን ብዕር

አንዳንድ ሰዎች «ልጅ እንግሊዝኛ ባወቀ ቁጥር የአገሩ ቋንቋ ከእጁ ይወጣል» ሲሉ ይሰማል። እኛ የአገና ተማሪዎች በቤታችን በእዣ እንናገራለን፤ በአማርኛ እንጽፋለን፤ ሳይንሱንና ሒሳቡን በእንግሊዝኛ እንማራለን። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ግን ታሪክን መጠየቅ ይሻላል። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።)

በ1868 በዘጌ የተወለዱት ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ወደ ኢጣሊያ ሄደው ሥዕል ተማሩ፤ ኋላም በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ። ለባዕድ ሰው አማርኛን ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ግሡ ስለ ምን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንደሚቀመጥ እኛ ከቶ አንጠይቅም፤ ፈረንጁ ግን ይጠይቃል፤ መምህሩም መልስ መፈለግ አለበት። እርሳቸውም በ1905 የአማርኛን ሰዋስው በጣሊያንኛ ጽፈው አሳተሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1908፥ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በሮማ ታተመ፤ ይኸውም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። በወረራው ዘመን ለጠላት ማደራቸውን አናመሰግንም፤ የውጭ ቋንቋ ግን ብዕራቸውን አላደኸየውም።

ወደ አገራችን ወደ ጉራጌ እንምጣ። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በፈረንሳይና በአሜሪካ ተማሩ። በካሊፎርኒያም ሳሉ፥ እንግሊዝኛ ከግራ ከቀኝ በከበባቸው ጊዜ፥ የጉራጌን መንደር ኑሮ በቸሃ ቋንቋ ጻፉ። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና በ1964 «የሽነጋ መንደር» ተብሎ ታተመ። ቸሃ ከዚያ በፊት የተጻፈ ልብ ወለድ አልነበረውም። ቈይተው ስለ አፈርሳታ ሸንጎ በእንግሊዝኛ፥ «ወጣት ይፍረደው»ን ደግሞ በአማርኛ ጻፉ። አንድ ሰው በሦስት ቋንቋ!

ቸሃን መጻፍ ችግር አለበት፤ እዣ ግን ይብሳል። ጎረቤቶቻችን ቸሃዎች አላልተው የሚናገሩትን ግስ እኛ እናጠብቃለን፤ ፊደሉ ግን መጥበቁን አያሳይም።

ይሁን እንጂ የሚሠጉት ሰዎች ፈጽመው ተሳስተዋል አንልም። «ተፈተንን» ማለት ሲገባን «ፈተና ወሰድን» እንላለን፤ ይህ እንግሊዝኛ የአማርኛ ልብስ ለብሶ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ የእንግሊዝኛው አይደለም። ሁለቱ ደራሲዎች የባዕዱን እየተማሩ በገዛ ቋንቋቸው ብዙ ገጽ ጽፈዋል። እኛ በሳምንት ስንት ገጽ አማርኛ እንጽፋለን? በእዣስ? ለአያቶቻችን እንኳ ደብዳቤ የምንልከው በአማርኛ ነው፤ ተቀባዩ ቤት አንድ ልጅ ይጠራና በእዣ እየመለሰ ያነብላቸዋል።