አሠልጣኙ ወደቀ፣ ሠልጣኙ ቆመ

ከላስ ቬጋስ የቁማር ጎዳና በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ስፕሪንግ ቫሊ ይገኛል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከበዙበት ከዚህ ሠፈር አንዱን ክፍል የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሠፈሩ ታክሲ ነጂ ወይም የሆቴል ሠራተኛ አገሩ ሊገባ ሲነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቬጋስ ስለማይበር መጀመሪያ በሌላ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባውን የአይሮፕላን ጭራ የሚያየው እዚያ ሲደርስ ነው።

ሆኖም የአየር መንገዱ ታሪክ ቬጋስን ጨርሶ አልዘለላትም። በኖቬምበር 1966 ሀዋርድ ሂዩዝ የተባለው ቱጃር ወደ ከተማዋ ገብቶ በዴዘርት ኢን ሆቴል የላይኛው ፎቅ ላይ ተከተተ። ለአራት ዓመት ያህል ሕዝብ ፊት ሳይታይ እዚያው ኖረ። ሆቴሉ ክፍሎቹን እንዲለቅ ሲጠይቀው በ1967 ሆቴሉን ራሱን ገዛው። ቀጥሎም ሳንድስን፣ ፍሮንቲየርንና ሌሎችን ጨመረ። ለዚህ ሁሉ ያበቃው በዚያው በ1966 የቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ አክሲዮኖቹን ሸጦ ያገኘው ከ546 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ገንዘብ ነበር። ቲ.ደብሊው.ኤ. ደግሞ የኢትዮጵያን አየር መንገድ በእግሩ ያቆመ ኩባንያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1945 ነው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ብትወጣም የእንግሊዝ ተጽዕኖ ገና አልለቀቃትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ ያዞሩት አየር መንገድ ስለፈለጉ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ኃያል መንግሥት እጅ ለመውጣት ጭምር ነው። ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ውሉ በሴፕቴምበር ተፈረመ፣ ኩባንያው በዲሴምበር 21 ተቋቋመ። በ8 ኤፕሪል 1946 የመጀመሪያው ሲ-47 አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። ንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። አስተዳዳሪዎቹ፣ አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ግን አሜሪካውያን ነበሩ። የውሉ ዋና ቁም ነገርም ሥራው ቀስ በቀስ ለኢትዮጵያውያን እንዲተላለፍ የታሰበ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ የቲ.ደብሊው.ኤ. ዋና ባለአክሲዮን ሂዩዝ ነበር። አይሮፕላን ይወዳል፣ ራሱም ያበራል። ሎክሂድ ኮንስተሌሽን የተባለው ዝነኛ አይሮፕላን እንዲሠራ ከገፋፉት አንዱ እሱ ነው። ችግሩ ኩባንያውን እንደ ግል ዕቃው መቁጠሩ ነበር። ትልልቅ ውሳኔዎች የእሱን ፈቃድ ይጠብቃሉ፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። የጄት ዘመን ሲመጣ ከአቅም በላይ አዘዘ፣ ገንዘብ አጠረው። በ1960 መጨረሻ አበዳሪዎቹ የአክሲዮኖቹን የድምፅ መብት ከእጁ ወሰዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሁሉንም ሸጦ ወደ ቬጋስ ሄደ። በአያቱ ስም ሰመርሊን የተባለው ከስፕሪንግ ቫሊ ጎን ያለው ሰፊ መንደር የተሠራውም ሂዩዝ በ1950ዎቹ በያዘው መሬት ላይ ነው።

በአዲስ አበባ በኩል ሥራው የሚሄደው በሌላ አካሄድ ነበር። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ለጄት ስለጠበበ ቦሌ ተሠራ፣ ቦይንግ 720 ገባ። በዚያው አሥር ዓመት የአብራሪዎችና የመካኒኮች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 የቲ.ደብሊው.ኤ. ውል አበቃ። ወንበሩን ከባዕድ ለመረከብ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ጊዜው ረጅም ይመስላል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ወንበር የሚለቀቀው የሚቀመጥበት ሰው ከተዘጋጀ በኋላ ነበር።

ፈተናው ወዲያው መጣ። ደርግ ሥልጣን ይዟል፣ የመንግሥት እጅ በድርጅቱ ውስጥ ገብቷል፣ ወዳጅነቱም ከሞስኮ ጋር ሆኗል። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አሕመድ አመራሩን ሲይዙ አየር መንገዱ በንግድ ሥርዓት እንዲመራ ተፈቀደ። ከሶቪየት ጋር በተወዳጀች አገር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ገዛ። በጁን 1984 አንዱ ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለማረፍ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ለባለሁለት ሞተር አይሮፕላን በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመት አገሪቱን ረኃብ እየፈጃት ነበርና ነገሩን በኩራት ብቻ ማውራት አይቻልም። ቢሆንም ርዕዮተ ዓለሙ ሌላ ሲያዝ ሙያው የራሱን መንገድ መያዙን ያሳያል።

አሠልጣኙ ግን በባለቤት ላይ ባለቤት እየተፈራረቀበት ሄደ። በ1985 ካርል አይካን ተቆጣጠረው፣ በ1988 ከአክሲዮን ገበያ አውጥቶ ዕዳ አሸከመው። ገቢ የሚያስገቡት የለንደን መስመሮች ተሸጡ። ቲ.ደብሊው.ኤ. ሦስት ጊዜ ለኪሳራ ከለላ አመልክቶ በ2001 በአሜሪካን አየር መንገድ ተጠቀለለ። ዴዘርት ኢንም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበር። ፈርሶ ዛሬ በቦታው ዊን ሆቴል ቆሟል።

ሠልጣኙ በግርማ ዋቄ ዘመን «ራእይ 2010»ን፣ ቀጥሎም በተወልደ ገብረማርያም መሪነት «ራእይ 2025»ን ይዞ አደገ። ከቶጎዋ ሎሜ ከተማ የሚነሣውን አስካይን በባለድርሻነት አቋቋመ፣ በ2011 ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ። በ2020 ወረርሽኙ መንገደኛ ሲያሳጣው ወንበር ነቅሎ ጭነት ጫነ።

ይህ ማለት ግን ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ከፖለቲካ ጥላ ፈጽሞ አላመለጠም። ያሠለጠናቸውን አብራሪዎች የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በተሻለ ደመወዝ ይወስዱበታል። ከሁሉ የከበደው ግን በማርች 2019 የደረሰው የበረራ 302 አደጋ ነው። 157 ሰዎች አለቁ፣ አሜሪካ ውስጥም ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና የቀሰሩ ነበሩ። ሰባ ዓመት የተገነባው ነገር ራሱ ተከሰሰ። ኋላ ላይ ቦይንግ በ2021 ለተጎጂ ቤተሰቦች ካሣ ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ተቀበለ።

ሁለቱ ድርጅቶች የበሉት ከአንድ ማዕድ ነው፤ የጥገናው ደንብ፣ የበረራው መመሪያ፣ እንግሊዝኛው ሁሉ ከአንድ ቤት የወጣ ነበር። የለያቸው ባለቤቶቻቸው ንብረቱን የሚያዩበት ዓይን ነው። ለሂዩዝም ሆነ ለአይካን አየር መንገድ በመጨረሻ ሊሸጥና በገንዘብ ሊመነዘር የሚችል ነገር ነበር። ለአዲስ አበባ ግን ባሕር በር ለሌላት አገር መውጫና ሰው ማፍሪያ ትምህርት ቤት ነበር። ያ ሐሳብ ከሦስት መንግሥታት በኋላም አልተለወጠም።

በስፕሪንግ ቫሊ ሻንጣ የሚያሥር ሰው ይህን ሁሉ ላያስብ ይችላል። የሚያስጨንቀው የሻንጣው ኪሎ ነው። ዋሽንግተን ሲደርስ ግን በአማርኛ «እንኳን ደህና መጡ» ይባላል። ከኮክፒቱ የሚሰማው ድምፅም የአገሩ ሰው ነው።