ከእንዝርት እስከ መንጋጋ ቆልፍ፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

«ክሎስትሪዲየም» የሚለው የባክቴሪያ ወገን ስም መሠረቱ «እንዝርት» የሚል ፍች ያለው የግሪክ ቃል ነው። ፕራዝሞቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1880 ስሙን ያወጣው ከቅርጹ ተነሥቶ ነው። ሕዝባችን ግን በሽታን የሚሰይመው በሚታየው ምልክት ነው፤ ከሰው ደዌ አንዱን መንጋጋ ቆልፍ፣ ከከብት ደዌ አንዱን አባጎርባ ይለዋል። የሁለቱ መንሥኤዎች የአንድ ወገን ባክቴሪያዎች መሆናቸው ከስሞቹ አይታወቅም።

ይህን ዝምድና ለመግለጽ የባዕዱን ስም መዋስ ተገቢ መስሎ ይታየናል። «እንዝርቴ» ብለን ብንተረጉመው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1889 ለይቶ ያራባው የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያም፣ ቫይዝማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሴቶን ያመረተበት ዘመዱም በሳይንስ ዓለም የሚታወቁት በክሎስትሪዲየምነታቸው ነው።

ለእናቶች በሚጻፍ ምክር ግን ሕዝባዊው ስም መቅደም አለበት። እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ጨቅላው በመጀመሪያ የሚታይበት ምልክት ጡት መጥባት ማቆሙ ነው፤ በሽታው የሚገባውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ባልሆነ ስለት በተቈረጠ እትብት ነው። «መንጋጋ» የሚለው ቃል ይህን አይነግራትም፤ ተርጓሚው ሊያክልላት ይገባል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢረጋገጥም፣ ባክቴሪያው በአፈርና በአዛባ ውስጥ ስለሚኖር ክትባቱም ምክሩም አይቋረጥም።

የድጓ ተማሪ ዕውቀቱን በጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰክራል። እኛ የምናወጣው ቃል ምስክሩ የምትሰማው እናት ናት።