ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች
ያዘነችን ነፍስ ስለ ማማከር የተጻፈ ታሪክና ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በሦስተኛው መጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የነቢዩ የኤልያስን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንተረጕመው በ18ኛው ምዕራፍ ያለውን፥ እሳት ከሰማይ የወረደበትን ድል ነው እንጂ፥ በ19ኛው ምዕራፍ ያለውን፥ ከድሉ በኋላ የመጣበትን ኀዘን አይደለም። እኛም በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ኀዘኑን እንመረምራለን፤ ይኸውም ልቡ የደከመበትን ሰው ማማከር ከጥንት ጀምሮ በክርስቲያን ዘንድ እንዴት እንደ ኖረ፥ ዛሬም ወደ አማካሪ የሚሄድ ምእመን ምን እንደሚጠብቀው ለማስታወቅ ነው። የዘመኑን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈነዋል።

ታሪክ። ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ነፍሱን ሊያድን ወደ ቤርሳቤህ ሸሸ። ብላቴናውንም በዚያ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ፤ ከዚያም ተኛ። መልአክ መጥቶ ዳሰሰው፥ ተነሥቶም እንዲበላ ነገረው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ የቀረው መንገድ ከኃይሉ በላይ ነውና ደግሞ እንዲበላ አዘዘው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ወደ ኮሬብ ደረሰ።

ሐተታ። በዚህ ነገር አራት ፍሬ እናገኛለን። መጀመሪያ፥ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ነቢይ ሆነህ ስለ ምን ሞትን ትመኛለህ፥ እምነትህስ ወዴት አለ አላለውም። ሁለተኛ፥ ከቃል አስቀድሞ ሥጋውን አሰበለት፤ አበላው፥ አጠጣው፥ እንዲተኛም ተወው። ሦስተኛ፥ በኮሬብ ዋሻ እግዚአብሔር ኹሉን ሲያውቅ ሳለ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፤ ኤልያስም ብሶቱን ተናገረ፤ ሁለተኛም ተጠየቀ፥ ያንኑ ብሶት መልሶ ተናገረ፥ ተደማጭም ሆነ። አራተኛ፥ ከዚህ በኋላ ሥራ ሰጠው፥ ኤልሳዕን ባልንጀራ አደረገለት፥ ለበአል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች መኖራቸውን ነግሮ ብቻውን እንዳልቀረ አስታወቀው።

እንጎቻው የሥጋ ወደሙ ምሳሌ ነው የሚሉ መተርጕማን አሉ፤ መልካም ብለዋል። ነገር ግን ምሳሌው ንባቡን አያጠፋውም። እንጎቻው አስቀድሞ እንጎቻ ነበረ፤ የኤልያስም ሆድ ባዶ ነበረ። ያዘነን ሰው የሚያማክር ሁሉ ይህን ሥርዓት ሲጠብቅ ሰው አድኗል፤ ሲተወው ግን ሰው ጐድቷል። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ምስክር ነው።

በ356 ያረፈው አባ እንጦንስ በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ታከተ፥ አሳብም በዛበት። የሚድንበትን ቢለምን፥ እንደ እርሱ ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ከሥራውም ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ደግሞ ተቀምጦ ሲጐነጕን አየ። እርሱም እንጦንስን ሊያስተምር የተላከ መልአክ ነበረ። በኤልያስ እንደ ሆነ እንዲሁ በእንጦንስም መልአኩ ተግሣጽን አላመጣም፤ የቀኑን ሥርዓት አሳየው እንጂ። በ399 በግብፅ በረሃ ያረፈው ኤዋግርዮስ ደግሞ ሰውን የሚዋጉትን ክፉ አሳቦች ስምንት አድርጎ ቈጠረ፤ ኀዘንና ሀኬት በእነርሱ ውስጥ ናቸው። ሀኬት ያገኘው መነኵሴ ፀሐይ የቆመች እስኪመስለው ድረስ ቀኑ እንደሚረዝምበት፥ በዓቱን እንደሚጠላ፥ ወንድሞቹም ፍቅር ያጡ እንደሚመስሉት ጽፏል። የበረሃ አባቶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት አሳብን ሳይሰውሩ ለአንድ አረጋዊ መግለጥ ነበረ። የአገራችን ሊቃውንትም ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዮስንና አረጋዊ መንፈሳዊን በትርጓሜ ሲያስተምሩ የኖሩት ይህን ጥበብ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ370 ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ አጠገብ የድኆችና የሕሙማን ማደሪያ ሠራ፥ ሐኪሞችንም አኖረበት። ለመነኮሳት በሰጠው ሥርዓት የሕክምና ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስተማረ፤ ነገር ግን ተስፋን ሁሉ በእርስዋ ላይ መጣል እንደማይገባ ጨመረ። ሁለቱን ቃል በአንድ ሚዛን አኖረ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዮሐንስ አፈ ወርቅ ነገር ልብን ይነካል። በ404 ከቍስጥንጥንያ መንበሩ ተሰድዶ በአርመን ተራሮች መካከል ወዳለችው ወደ ኩኩሶስ ተወሰደ። በቍስጥንጥንያ የቀረችው ዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ በእርሱ መሰደድና በቤተ ክርስቲያን መከራ ምክንያት በጽኑ ኀዘን ተያዘች፥ ሥጋዋም ታመመ። ለእርስዋ የጻፋቸው 17 መልእክታት እስከ ዛሬ አሉ። በእነርሱ ውስጥ ኀዘንሽ ከንቱ ነው ብሎ አላቃለለባትም፤ የልብ ኀዘን ከሞት የከበደ ሸክም መሆኑን መሰከረላት እንጂ። ለዚህም ሞትን የለመነውን ኤልያስን ምስክር አድርጎ ጠራ። እርሱ ራሱ በክረምቱ ብርድ እንዴት እንደ ታመመ አልሸሸጋትም። ከአንዲት ከበረች ሴት የተላከለት መድኃኒት በሦስት ቀን እንደ ፈወሰው ነግሮ እርስዋም በዚያው እንድትታከም ለመናት። እንግዲህ ብዙ መጻሕፍትን የተረጐመው አፈ ወርቅ ላዘነች ነፍስ ሲጽፍ ስለ መድኃኒት መናገርን አላፈረበትም። እኛስ ስለ ምን እናፍራለን? በ407 በስደት መንገድ ላይ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ይህ ርኅራኄ ቀዘቀዘ፤ አእምሮው የታወከበት ሰው እንደ አውሬ በሰንሰለት የሚታሰርበት ዘመን ሆነ። በ1796 ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች በዊልያም ቱክ መሪነት በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ማረፊያ ቤት ከፈቱ። በዚያም ሰንሰለትን ትተው ሕሙማንን በለዘበ ቃል፥ በመልካም ምግብና በእጅ ሥራ ያስታምሙ ጀመር። ይህም የኤልያስ መልአክ ሥርዓት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ በ1876 የተወለደ አንቶን ቦይሰን የሚባል ሰባኪ ነበረ። በ1920 አእምሮው ታውኮ በማሳቹሴትስ ግዛት በሕሙማን ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በዚያ ሳለ ሐኪሞቹ ስለ ነፍስ፥ ካህናቱም ስለ ሕመሙ የማያውቁ መሆናቸውን ተመለከተ። ድኖ ከወጣ በኋላ በ1924 ዉስተር በምትባል ከተማ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ካህን ሆነ። በ1925 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሕሙማኑ አልጋ አቅርቦ ያስተምር ጀመር። ካህን መጻሕፍትን እንደሚያነብ እንዲሁ የታመመውን ሰው ራሱን በትሕትናና በትዕግሥት ማንበብ ይገባዋል ይል ነበር። ሕመሙ ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ነበር፤ ነገር ግን አገልግሎቱን አልተወም። በ1965 እስኪሞት ድረስ ትምህርቱ በብዙ አገር ተስፋፋ፤ በ1963ም በዚያው በአሜሪካ የመንፈሳውያን አማካሪዎች ማኅበር ቆሞ ነበር።

ሁሉ ግን በአንድ ቃል አልተስማማም። በ1970 ጄይ አዳምስ የሚባል የፕሬስቢቴርያን መምህር መጽሐፍ አውጥቶ፥ የነፍስን ምክር ከመጽሐፍ ቅዱስ እንጂ ከሥነ ልቡና ሊቃውንት መፈለግ እንደማይገባ ተከራከረ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱን አስማምተው ያስተምራሉ። ስለዚህ ወደ ክርስቲያን አማካሪ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ትምህርቱ የት እንደ ሆነ፥ የመንግሥት ፈቃድ ያለው እንደ ሆነ፥ ስለ መድኃኒትም ምን እንደሚያስብ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልበትም።

እንግዲህ በሥርዓት በሚሠራበት ስፍራ ተመካሪው የሚጠብቀውን እንናገር። በመጀመሪያው ቀን አማካሪው ይጠይቃል፥ ያደምጣል እንጂ ብዙ አይናገርም። እንቅልፉን፥ ምግቡን፥ ሥራውን፥ ቤተ ሰቡን፥ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ ይመረምራል። እንደ ኤልያስ ሞትን ይመኝ እንደ ሆነም በግልጽ ይጠይቀዋል፤ መጠየቁ አሳቡን አያመጣበትም፥ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። የሰማውን በምስጢር ይጠብቃል። ነገር ግን ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል የተቃረበ እንደ ሆነ ለሚያድነው ሰው መንገር ግዴታው ነው፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ያስታውቃል። ጸሎትና ንባብ በተመካሪው ፈቃድ ይሆናሉ፥ በግድ አይሆኑም። መገናኘታቸው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፥ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፈውሱም በአንድ ቀን አይመጣም፤ ኤልያስም ሁለት ጊዜ በልቶ 40 ቀን ተጕዟል።

ዳግመኛ አማካሪው ሐኪም ካልሆነ መድኃኒት አያዝም፥ የታዘዘውንም አያስተውም፤ ሕመሙ ከእርሱ በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም ይልካል። ምክርም ኑዛዜ አይደለም፤ ማሰርና መፍታት ሥልጣነ ክህነት የተሰጠው የካህን ነው፥ አማካሪው ግን አይፈታም፥ አያስርም። በአንድ ቀን ትድናለህ ብሎ የሚምል፥ መድኃኒትህን ጣል የሚል፥ በእምነትህ ጕድለት ታመምህ ብሎ የሚያሳፍር፥ የሚመታ ወይም የሚያስር ቢገኝ፥ ከእርሱ ይሽሽ።

በአገራችን ምእመን በጭንቀቱ ጊዜ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ነፍስ አባቱና ወደ ጠበል ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠበል የገባ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲጥል አደጋ ይሆናል። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በእንጦጦ በጠበል ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፥ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃወሙ አስታወቁ። ባስልዮስ ለመነኮሳቱ የሰጠው ሥርዓት ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ለአእምሮ ሕመምም ይኸው ይሠራል።

ካህናት አባቶች ሆይ፥ የቤተ ሰብም አለቆች ሆይ፥ አስተውሉ። በየቤቱ ከክትክታ ዛፍ በታች የተቀመጠ ሰው አለ፤ ሰው እንዳያፍርበት ፈርቶ ዝም ብሏል። በመጣ ጊዜ የምትሰጡት የመጀመሪያ ቃል ተግሣጽ ቢሆን ወደ ምድረ በዳው ይመለሳል፥ ምናልባትም ዳግመኛ አይመጣም። በልተሃልን፥ ተኝተሃልን ብላችሁ ብትጠይቁት፥ ብሶቱንም እስከ መጨረሻው ብትሰሙት፥ ሐኪም ቢያስፈልገው እጁን ይዛችሁ ብትወስዱት፥ የመልአኩን ሥራ ሠራችሁ። ጸሎቱ በዚያ ላይ ይጸናል። ኤልያስን የመገበ አምላክ ያዘኑትን ሁሉ ያጽና፤ ለእኛም የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።