የስልኩ ሥር በማን እጅ ነው?

ሰሞኑን አንድ አሮጌ ስልክ ይዤ መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ የሞባይል ጥገና ቤት ገብቼ ነበር። ስልኩ የእኔ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ያረፈው ታላቅ ወንድሜ የተወው ነው። ፎቶግራፎቹን አስቀድመን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠናቸዋል። ያልተገለበጠው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነበር፤ ወንድሜ በአንድ የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ለዓመታት ሲያጠራቅመው የኖረው የቤተሰባችን የትውልድ ታሪክ። «ለልጆቹ የሚቀር ነገር እየጻፍኩ ነው» ይለን ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉን ደግሞ ይዞት ሄደ።

የጥገና ቤቱ ወጣት ስልኩን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ፋይሉ እዚሁ ስልኩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ግን ሩት ካልተደረገ ማንበብ አይቻልም። ሩት ለማድረግ ደግሞ የሲስተሙ መቆለፊያ መከፈት አለበት፤ እሱ ሲከፈት ስልኩ ያለውን ሁሉ ራሱ ያጠፋዋል» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

ጥቂቱን ቀን ሰጥቼው፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተቀመጥኩ። ያገኘሁት ነገር የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። የሥልጣን ታሪክ ነው፤ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ፣ ማን ባለቤት፣ ማን ተጠቃሚ እንደሆነ የሚተርክ ታሪክ። ስለዚህም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ባዕድ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩት ማለት በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ስሙ የመጣው በ1969 በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ መሥራት ከጀመሩት ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ኮምፒውተር የብዙ ሰዎች የጋራ ሀብት ነበር። አንዱ የሌላውን ሰነድ እንዳያበላሽ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወሰን ተበጀለት፤ ከወሰኑ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ አስተዳዳሪም ተሾመ። ሰነዶቹ በዛፍ አምሳል ቅርንጫፍ እያወጡ ስለሚደረደሩና ሁሉም ከአንድ ሥር ስለሚነሡ፣ ያንን ሥር የሚያዝዘው አስተዳዳሪ «ሩት» ተባለ። የድርጅቱ ንብረት ነውና የድርጅቱ ሰው አስተዳደረው፤ በዚህ ማንም ቅር አልተሰኘም።

በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የዩኒክስን አሠራር የሚከተለውን ሊኑክስን ለሕዝብ ሲለቅቅ ደግሞ፣ ማንም ሰው ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ራሱ ተጠቃሚ፣ ራሱም አስተዳዳሪ ሆነ። ለአፍታ ያህል ባለቤትነትና ሥልጣን በአንድ እጅ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ጉግል በ2005 የገዛው አንድሮይድ በሊኑክስ ላይ የተገነባ ነው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ በኤችቲሲ ተሠርቶ ቲ-ሞባይል «ጂ1» ብሎ የሸጠው፣ በጥቅምት 2008 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት፣ በገዛ ገንዘቡ የተገዛ፣ ኪሱ ውስጥ የሚያድር ኮምፒውተር ነው። ግን ሥሩ ለገዢው አልተሰጠም። የአስተዳዳሪነቱ ወንበር እንደ ድሮው አለ፤ የሚቀመጥበት ግን አምራቹና የቴሌኮም ድርጅቱ ሆኑ።

ወዲያው የሆነው ነገር ግን ያስቃል። ስልኩ በወጣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ተጠቃሚዎች በጂ1 ሰሌዳ ላይ የሚተይቡት ፊደል ሁሉ ከሚጽፉት መልእክት በተጨማሪ በስውር ወደ አስተዳዳሪው የትእዛዝ መቀበያ እንደሚደርስ ደረሱበት። በእንግሊዝኛ «ሪቡት» የሚለውን ቃል ለብቻው ጽፎ ማስገቢያውን የተጫነ ሰው ስልኩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣበት ነበር። ለወዳጁ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ንጉሥ ሆኖ ዐዋጅ እያስነገረ ነበር! ጉግል ቀዳዳውን ፈጥኖ ደፈነው። ነገር ግን ብዙዎች ሆን ብለው ስልካቸውን ወደ አሮጌው፣ ወደ ተበሳው ሥሪት መመለስ ያዙ። ሩት ማድረግ እንደ ልማድ የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ትውልድ ስሙ የገነነው ስቲቭ ኮንዲክ ነው፤ ሳያኖጅን በሚለው የብዕር ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። አንድሮይድ ምንጩ ክፍት ነውና፣ ኮንዲክ የተሻሻለ ሥሪት እያዘጋጀ በነፃ ያድል ነበር። በመስከረም 2009 ከጉግል ጠበቆች ደብዳቤ ደረሰው፤ ጂሜይልን፣ ካርታን፣ ዩቲዩብንና የገበያውን ፕሮግራም ከሥሪቱ ጋር አታድል የሚል። ሥርዓቱ ክፍት ቢሆንም እነዚህ ፕሮግራሞች የጉግል የግል ንብረት ናቸውና፣ በሕግ ዓይን ጉግል እውነት ነበረው። መፍትሔው ግን ብልሃት የተሞላበት ነበር። ተጠቃሚው አዲሱን ሥሪት ከመጫኑ በፊት፣ ከስልኩ ጋር በሕጋዊ መንገድ የተሰጡትን የጉግል ፕሮግራሞች ራሱ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ በኋላም ይመልሳቸዋል። ባክአፕ ማድረግ በዚህ ጊዜ ከጥንቃቄነት አልፎ የመብት መከራከሪያ ሆነ። የኮንዲክ ሥሪት በመጨረሻ ኩባንያ ተቋቁሞለት፣ ኩባንያው በ2016 መጨረሻ ሥራውን ሲያቆም በጎ ፈቃደኞች «ሊኒየጅ» ብለው ቀጠሉት፤ ዛሬም አለ።

ሕጉም ቀስ እያለ ተከተለ። በሐምሌ 2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰው በገዛ ስልኩ ላይ የመረጠውን ፕሮግራም ለመጫን መቆለፊያውን ቢሰብር የቅጂ መብት ሕግን እንደጣሰ አይቆጠርም ሲል ወሰነ። ይህን ዓይነቱን ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ መለመን ግድ ነው። በ2012 ስልኩ ተፈቅዶ ታብሌቱ ተከለከለ፤ በ2015 ታብሌቱም ተፈቀደ። ልዩነቱን ማን ሊያስረዳን ይችል ይሆን?

አሁን ወደ ትርፎቹ ፕሮግራሞች ልምጣ። ወንድሜ ስልክ ላይ ተቆጥረው የማያልቁ፣ አንድ ቀን እንኳ ተከፍተው የማያውቁ ጨዋታዎችና የዜና ማሳያዎች ነበሩ፤ ሊያጠፏቸው ሲሞክሩ «ማጥፋት» የሚለው ቁልፍ ጭራሹን የለም። ማን አመጣቸው? ገንዘብ አመጣቸው። የስልክና የኮምፒውተር ትርፍ ቀጭን በመሆኑ፣ ፕሮግራም ሠሪው ለአምራቹ እየከፈለ ዕቃው ላይ ቦታ ይገዛል። ነገሩ በስልክ አልተጀመረም። በመጋቢት 2008 ሶኒ ለአንዳንድ ላፕቶፖቹ ገዢዎች ትርፉን ፕሮግራም አስቀርቶ ለመሸጥ 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተጨማሪ ሊያስከፍል ሞክሮ፣ ጩኸት ሲበዛበት ክፍያውን ትቶታል። ቆሻሻውን ላለመቀበል ክፈሉ ማለት ነበር እኮ!

ትርፍ ፕሮግራም ቦታ ከመያዝ ሌላ ምን ጉዳት አለው የሚል ይኖራል። በኅዳር 2011 ትሬቨር ኤክሃርት የተባለ አሜሪካዊ፣ ኬሪየር አይኪው የሚባል ስውር ፕሮግራም በስልኩ ላይ የሚነካቸውን ቁልፎች እንዴት እንደሚከታተል በቪዲዮ አሳየ። ኩባንያው በጠበቃ ሊያስፈራራው ሞክሮ፣ የመብት ተሟጋቾች ሲቆሙለት ይቅርታ ጠየቀ። ፕሮግራሙ ከ140 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ስልኮች ላይ እንደነበረ የገለጸው ኩባንያው ራሱ ነው። ኤክሃርት ይህን ሊያይ የቻለው የስልኩን ሥር መመርመር ስለቻለ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው የሚለኝ ካለ፣ ነሐሴ 2020ን ላስታውሰው። የእንግሊዙ አፕስትሪም ኩባንያ የደኅንነት ክፍል፣ ቴክኖ ደብልዩ2 በተባሉ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ገና ከመሸጣቸው በፊት ተጭነው እንደነበር ይፋ አደረገ። የተጠቁት ስልኮች የተገኙባቸው አገሮች ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎት ደንበኛ ያደርጉታል፤ ካርዱም ሳይደውልበት ያልቃል። ኩባንያው ከመጋቢት 2019 ጀምሮ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ማገዱን፣ እነዚህም ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ መሆናቸውን አስታወቀ። የቴክኖ ባለቤት ትራንሺን በበኩሉ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙን ባልገለጸው ሻጭ ላይ አድርጎ፣ መፍትሔ አሰራጭቻለሁ አለ።

ካርድ ሞልቶ ማግስቱን ባዶ ሆኖ ያገኘ፣ «ይህ ቴሌ በላኝ» ብሎ ያማረረ ስንት ሰው ነበር? ምናልባት አንዳንዱን የበላው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የኤክስሄልፐር አሠራር ነው። የካስፐርስኪ ባለሙያዎች በ2020 እንዳስረዱት፣ ይህ ፕሮግራም በአሮጌ አንድሮይድ ሥሪት ላይ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን በቀዳዳ ይቀማና፣ ራሱን ተጠቃሚው ሊነካው በማይችለው የሲስተም ክፍል ውስጥ ይተክላል። ባለቤቱ ስልኩን እንደ አዲስ ቢያጸዳው እንኳ ተመልሶ ይበቅላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሌባው ሩት ነው፤ ባለቤቱ እንግዳ ነው። መቆለፊያው ለደኅንነትህ ሲባል የተበጀ ነው ተብሎ ለባለቤቱ ተነግሮታል።

በሌላ ወገን ያለውን ክርክር አላቃልለውም። ሥሩ ክፍት የሆነ ስልክ ከተሰረቀ ውስጡ ይዘረፋል፤ ለዚህም ነው መቆለፊያው ሲከፈት ሁሉም ነገር እንዲጠፋ የተደረገው። ብዙ የባንክ ፕሮግራሞች ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። «በአንድ ንክኪ ሩት እናደርጋለን» ከሚሉት አንዳንዶቹ ራሳቸው ትርፍ ፕሮግራም ተሸካሚዎች ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ከስልኩ ጋር የመጣ ፕሮግራም የሚኖረው ለሲስተሙ በተከለለ ክፍል ነውና፣ ነቅለን ብንጥለው እንኳ «ሚሞሪ ሞልቷል» የሚለውን ያህል አያቃልልንም፤ የሚመለሰው በዝመናና በአገልግሎት ያከማቸው ብቻ ነው። በኬብልና በኮምፒውተር አማካይነት፣ ሩት ሳያስፈልግ፣ ለተጠቃሚው እንዳይታይና እንዳይሠራ ማድረግ ግን ይቻላል። ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

መንግሥታትም ጥቂት ተንቀሳቅሰዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2014 አላስፈላጊ ፕሮግራሞች እንዲጠፉ የሚያስችል መመሪያ አወጣች። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን፣ ፕሮግራሞቹን አስገድዶ አስጭኗል በሚል ጭምር 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ በ2022 ፍርድ ቤት ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ አደረገው። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የገበያው በረኞች የተባሉት ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን በቀላሉ የማስወገጃ መንገድ ሊሰጡ ግድ ሆኗል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ ነፃ ሲያወጣው፣ መሬቱን የሕዝብ ሀብት፣ አራሹን ደግሞ ባለይዞታ አደረገው። ባለይዞታ ባለቤት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ስልክ ስንገዛ ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ውል የሚለው ይህንኑ ነው፤ ብረቱና መስታወቱ ያንተ ነው፣ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ግን እንድትጠቀምበት ብቻ ተፈቅዶልሃል። ወንድሜ የጻፈው ታሪክስ? እርሱ የማን ነው? በየትኛውም ውል ቢሆን የእርሱ ነበር፤ ሆኖም ከማይደረስበት ክፍል ተቀምጦ ሳጥኑን ሳያፈርሱ ማውጣት ተከለከለ። አንድሮይድ ከ2015 ወዲህ የፕሮግራሞችን መረጃ ራሱ ወደ ጉግል ደመና ይገለብጣል፤ ለአንድ ፕሮግራም ግን ከ25 ሜጋባይት አያልፍም፤ ፕሮግራም ሠሪው ካልፈቀደም ጨርሶ አይገለበጥም። የወንድሜ ማስታወሻ ሠሪ አልፈቀደም።

በአምስተኛው ቀን ወጣቱ ደወለ። የስልኩ ልብ የሚዲያቴክ ሥሪት እንደሆነና፣ አምራቹ ከ2018 ወዲህ አንድም የደኅንነት ዝመና እንዳልላከለት ነገረኝ። በሚዲያቴክ ብዙ ቺፖች ላይ፣ መቆለፊያው ሳይከፈትና ምንም ሳይጠፋ ጊዜያዊ ሩት የሚያስገኝ ቀዳዳ በ2019 ታውቆ፣ ጉግል በመጋቢት 2020 ዝመናው አካትቶ እንዲደፈን አድርጎ ነበር። የወንድሜ ስልክ አምራች ግን ደንበኞቹን ረስቷቸው ስለነበር ቀዳዳው እንዳለ ነው። ጎጂ ፕሮግራሞችም የተጠቀሙበት ያው ቀዳዳ ነው።

ሄድኩ። ወጣቱ ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ አድርጎ ሰጠኝ፤ የሠራበትን ስጠይቀው፣ «ለአንድ ፋይል? ተዉት ጋሼ» ብሎ አልቀበልም አለ፤ በግድ አስያዝኩት። ቤት ገብቼ ሳትመው 214 ገጽ ሆነ። አሁን በ31ኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ አያታችን ከቡልጋ ተነሥተው በበቅሎ አዲስ አበባ ሊገቡ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል።